ርኅራኄና ሚዛን

ሰው ባልንጀራውን በሁለት ዓይነት ዓይን ሊያየው ይችላል። አንደኛው የርኅራኄ ዓይን ነው፤ ሁለተኛው የፍርድ ዓይን ነው። በርኅራኄ ዓይን የሚያይ ሰው የወንድሙን ጉድለት አይቶ ልቡ ይባባል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ያቅሙንም ይሰጣል። በፍርድ ዓይን የሚያይ ሰው ግን ከጉድለቱ በፊት ሥራውን ይጠይቃል፤ «ምን ሠራህ? ምን ያህልስ ሠራህ?» ይላል። ከልማድ የተነሣ ብዙዎቻችን የፊተኛውን ደግነት፣ የኋለኛውን ጭካኔ አድርገን እንቈጥራለን። በተለይም በፊታችን ያለው ሰው እግሩ የማይታዘዝለት፣ ዓይኑ የማያይለት ወይም እጁ የጎደለ እንደ ሆነ፣ እርሱን እንደ ማንኛውም ሰው በሥራው መመዘን ነውር መስሎ ይታየናል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ ሰው ከሁለቱ የሚገባው የትኛው ነው? ልናዝንለት ይገባናልን? ወይስ ልንመዝነው? ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፤ መምህር ለተማሪው ማርክ በሚሰጥበት፣ ሹም ሠራተኛ በሚቀጥርበት፣ ዳኛ በሚፈርድበት፣ አባትም ከልጆቹ መካከል የትኛውን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚልክ በሚያስብበት ሰዓት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ለምርመራችን እንዲረዳንም ከመጻሕፍት ይልቅ ወደ ብረት እንሄዳለን። ይኸውም የአካል ጉዳተኞች ፓወርሊፍቲንግ ወደሚባለው ክብደት የማንሣት ውድድርና በዚህ ውድድር ስማቸውን ወዳስጠሩ ሰዎች ነው። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

የዚህ ውድድር ሥርዐት በአነጋገር ቀላል፣ በአፈጻጸም ግን ጥብቅ ነው። ተወዳዳሪው በአግዳሚ ላይ በጀርባው ይጋደማል። እግሮቹ በዚያው በአግዳሚው ላይ ይዘረጋሉ፤ እንዳይንሸራተቱም በጠፍር ሊታሰሩ ይችላሉ። ከዚህ በኋላ የብረቱን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ከማረፊያው ያወጣና ክንዱን ዘርግቶ የዳኛውን ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙን ሲሰማ ብረቱን ወደ ደረቱ ያወርዳል፤ በደረቱም ላይ ያለ አንዳች እንቅስቃሴ ያቆመዋል፤ ከዚያም ሁለቱን እጆቹን እኩል አድርጎ ክርኖቹ ቀጥ እስኪሉ ድረስ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሦስት ዳኞች ከሦስት አቅጣጫ ይመለከቱታል። ነጭ መብራት ያበራ ዳኛ ተቀብሎታል፤ ቀይ ያበራ አልተቀበለውም። ከሦስቱ ሁለቱ ነጭ ካላበሩ ብረቱ ቢነሣም እንዳልተነሣ ይቈጠራል። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የተመደበለት ዕድል ሦስት ሲሆን፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ለማሻሻል ለሚሻ ሰው አራተኛ ሊፈቀድለት ይችላል።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ከአግዳሚው የተጋደመው ሰው በልጅነቱ ልምሻ መትቶት ይሁን፣ በጦርነት እግሩን አጥቶ ይሁን፣ ወይም ከእናቱ ማኅፀን ጉዳት ይዞ ይወለድ፣ ብረቱ አይጠይቀውም። ሁለት መቶ ኪሎ የተጫነበት ዘንግ ሁለት መቶ ኪሎ ነው። ስለ ተነሺው ኀዘን ብሎ አንድ ኪሎ አይቀንስም፤ ስለ ተነሺው ዝናም ብሎ አንድ ኪሎ አይጨምርም። ዳኞቹም ቢሆኑ «ምስኪን፣ ይህን ያህል ደክሟልና ነጭ እናብራለት» ያሉ እንደ ሆነ ውድድሩ በዚያች ደቂቃ ውድድር መሆኑ ያበቃል፤ የተሸለመው ሰውም በእጁ የሚይዘው ወርቅ ሳይሆን ምጽዋት ይሆናል።

ይህንን በምሳሌ ለማስረዳት የሲያማንድ ራህማንን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። ሲያማንድ ራህማን በ1988 ዓ.ም. በኢራን ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በኦሽናቪዬ ከተማ ከኩርድ ወገን ተወለደ። እግሮቹ ጉዳት የነበረባቸው ሰው ነው። የእግሩ ነገር እንዲህ ሲሆን፣ ደረቱና ክንዱ ግን በዘመኑ ወደር ያልተገኘላቸው ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው የፓራሊምፒክ ውድድር፣ በከባዱ የክብደት ደረጃ 280 ኪሎ አንሥቶ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። በዚያን ጊዜ የ300 ኪሎ ወሰን በፓራሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ዘንድ ገና ያልተደፈረ ተራራ ነበረ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በብራዚል አገር በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ያ ተራራ ተደፈረ። ሲያማንድ በዚያ ቀን 300 ኪሎ አነሣ። ቀጥሎ 305 ኪሎ አነሣ። በመጨረሻም 310 ኪሎ አነሣ። ይህ ቍጥር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገንዘብ የሚሻ አንባቢ የእህል ገበያን ያስታውስ፤ አንድ ኩንታል እህል የተሸከመ ብርቱ ወዛደር እንዴት እንደሚጐብጥ ያውቃል። ይህ ሰው በጀርባው ተጋድሞ፣ በእግሩ መሬት ሳይረግጥ፣ በሁለት ክንዱ ብቻ ሦስት ኩንታል ከ10 ኪሎ ገፍቶ አቁሟል። የሚወዳደረው ከሰው ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከወርቁ በላይ መድከም ባላስፈለገው ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው ሰው በብዙ ኪሎ ከበስተኋላው ነበርና። እርሱ ግን ወርቁ ከሚጠይቀው ይልቅ አቅሙ የሚጠይቀውን መረጠ። ለዚህም ነው በዓለም ጋዜጦች ከፓራሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ኃይለኛው እየተባለ ስሙ የተጠራው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለዚህ ሰው ከርኅራኄና ከሚዛን የትኛው ጠቀመው? በልጅነቱ ያዘኑለት ሰዎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም፤ እግሩ ለማይታዘዝለት ልጅ የማያዝን አገር የለምና። ይሁን እንጂ ኀዘን ስለ አንድ ሰው የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይህ ጐድሎሃል» ይላል። ምን እንደ ሞላለት ሊነግረው አይችልም፤ አልመዘነውምና። ሚዛኑ ግን በ2012 ዓ.ም. 280፣ በ2016 ዓ.ም. 310 ብሎ ነገረው። በመካከል ያለው 30 ኪሎ የአራት ዓመት ድካሙ ምስክር ነው። ያንን ምስክርነት ማንም ርኅሩኅ ሰው ሊሰጠው አይችልም ነበር፤ ማንም ክፉ ሰውም ሊነጥቀው አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ይሆናል፤ ሰውን በእውነተኛ ሚዛን መመዘን ከማክበር ወገን ነው። በምንመዝነው ሰው ላይ አንድ እምነት ጥለናል፤ ይኸውም ሊሠራ ይችላል፣ ቢወድቅም የራሱን ውድቀት ሊሸከም የሚችል ሙሉ ሰው ነው የሚል እምነት ነው። የማንመዝነውን ሰው ግን፣ አፋችን ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ከሰው ተራ አውጥተነዋል። አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲሉ ግፈኛውን ለማስፈራራት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን አገላብጠን ብናየው፣ በሰው ሁሉ ቁና መሰፈር ራሱ መብት ሆኖ እናገኘዋለን። ከቁናው የተከለከለ እህል ገበያ አይወጣም።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ብናበቃ ግማሹን እውነት ተናግረን ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል። ሚዛኑ ከሰማይ አልወረደም፤ አግዳሚውም በራሱ አልበቀለም። ሰዎች አስበው፣ ደክመው፣ ተከራክረው የሠሩት ነው። የዚህም ሥራ መጀመሪያ እንዲህ ነበረ። ሉድቪግ ጉትማን የተባለ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በ1939 ዓ.ም. ከናዚዎች መከራ ሸሽቶ ከጀርመን አገር ወደ እንግሊዝ ገባ። በ1944 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የጀርባ አጥንታቸው ለተጎዳ ወታደሮች የተከፈተውን ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በዚያ ዘመን የጀርባ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከአልጋ አይነሣም፤ ዕድሜውም አጭር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና ብዙዎች ሐኪሞች ተስፋ የሚያደርጉለት ነገር አልነበረም። ጉትማን ግን ሕሙማኑን ከአልጋ አስነሥቶ ሥራና ስፖርት ሰጣቸው። በሐምሌ ወር 1948 ዓ.ም.፣ የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ቀን፣ 16 አካል ጉዳተኞች በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ በቀስት ዒላማ ተወዳደሩ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ አድጎ በሮማ ከተማ ተደረገ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቈጠረው ይህ ነው። በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ክብደት ማንሣት ተጨመረ፤ በዚያን ጊዜ ግን የተፈቀደው የጀርባ አጥንት ጉዳት ላለባቸው ወንዶች ብቻ ነበር። ሌላ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በኋላ ገቡበት። ለሴቶች በሩ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም አገር ስም አለበት። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በሮማ ያሸነፈው በዚያው በመስከረም ወር 1960 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የፓራሊምፒክ ተወዳዳሪዎች እዚያችው ከተማ የገቡት እርሱ ካሸነፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበረ። በ1969 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ተጐድቶ ከወገቡ በታች ሽባ በሆነ ጊዜ ለሕክምና የተላከው ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው። በ1970 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ዓለም ሁሉ ያለቀሰለት ሰው በእንባው መካከል ቀስት አነሣ። የማራቶን ጀግና ለነበረ ሰው ከእንግዲህ መታዘን ብቻ ይበቃው ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ አበበ ራሱ በቂ ሆኖ እንዳላገኘው ይህ ተግባሩ ይመሰክራል። ዳግመኛ ዒላማ ፊት መቅረብን መረጠ፤ ዒላማ ደግሞ ለማንም አይጠጋም።

እንግዲህ ሚዛኑን የሠራው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መነሻው ርኅራኄ መሆኑን ልንክድ አንችልም። ጉትማን ባያዝን ኖሮ ከአልጋው አጠገብ ባልቆመ ነበር። ልዩነቱ ኀዘኑ ምን ወለደ የሚለው ላይ ነው። የአንዳንዱ ሰው ርኅራኄ እንባ ወልዶ ይቀራል፤ የሌላው ሳንቲም ወልዶ ይቀራል፤ የዚህ ሐኪም ርኅራኄ ግን ሜዳና ሕግ ወለደ። ርኅራኄ ዘር ነው፤ ሥርዐት ደግሞ አዝመራው ነው። ዘሩን በእጁ ጨብጦ «አያችሁ እንዴት ያለ መልካም ዘር አለኝ» እያለ የሚውል ገበሬ ቤተ ሰቡን አይመግብም።

የዚህ ውድድር ሕግ የተሠራበትን ጥበብ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ተወዳዳሪዎቹ የሚለያዩት በጉዳታቸው ዓይነት ሳይሆን በሰውነታቸው ክብደት ነው፤ በሪዮ ወንዶችም ሴቶችም በየበኩላቸው በ10 ደረጃዎች ተወዳድረዋል። እንዲህ ከሆነ እግሩ የተቈረጠ ሰው ከሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ አንድ ችግር ይነሣል። እግሩ ስለሌለ ክብደቱ ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት ክንዳቸው ከእርሱ ክንድ ከሚያንስ ሰዎች ጋር ሊመደብ ነው። ስለዚህ ሕጉ የጎደለውን አካል በተወሰነ መጠን አስቦ በክብደቱ ላይ ይጨምርበታል። የሌለ እግር ይመዘናል ማለት ነው! ይህን ያዘዘው ለዚያ ሰው ማዘን አይደለም፤ እንዲያውም ለእርሱ ይመች የነበረውን ነገር ነሥቶታል። በእርሱም በባልንጀራውም ላይ በደል እንዳይደርስ የተሠራ ሕግ ነው። እውነተኛ ፍርድ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ነገር ማየት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ምሳሌ አላገኘንም።

ከዚህም ተነሥተን ሁለት የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ፈጽመው የሚለያዩ ሥራዎችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። አንደኛው እንቅፋትን ማንሣት ነው፤ ሁለተኛው ሚዛንን ማቅለል ነው። መቆም ለማይችል ሰው አግዳሚ መሥራት እንቅፋትን ማንሣት ነው። 200 ኪሎውን 150 አድርጎ «200 አነሣህ» ማለት ሚዛንን ማቅለል ነው። የመጀመሪያው ሰውየውን ወደ ፈተናው ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ፈተናውን ይሰርቅበታል። በዓለም ላይ የሚፈጸመው በደል ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ መደባለቅ የተነሣ ነው። አንዳንዱ ሚዛን አይቅለል ሲል እንቅፋቱንም አላነሣም ይላል፤ ይህ ጨካኝ ነው። ሌላው እንቅፋቱን ማንሣት ሲሰለቸው ሚዛኑን ያቀልና ደግ ተብሎ ይመሰገናል፤ ይህ ደግሞ ሰነፍ ነው።

ይህንን ወደ ትምህርት ቤት ወስደን እንመልከተው። ዓይነ ስውር ተማሪ ያለው አንድ መምህር አለ እንበል። ጥያቄውን በብሬል አስጽፎ፣ ለመጻፊያም ተጨማሪ ሰዓት ሰጥቶ፣ መልሱን ግን እንደ ሌሎቹ መልስ አጥብቆ ያረመ እንደ ሆነ፣ ይህ መምህር አግዳሚውን ሠርቷል። «ልጁ ዓይነ ስውር ነው፤ ከየት አምጥቶ ይመልሰው» ብሎ የማለፊያ ማርክ በነጻ የሰጠው እንደ ሆነ ግን፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ደስ ብሎት ቢወጣም ከዕውቀት ቤት ተባርሯል። አንድ ቀን ከዚያ ማርክ ጋር ሥራ ፈልጎ ሲወጣ፣ የማያዝን ሚዛን በመንገድ ላይ ይጠብቀዋል። በዚያች ሰዓት መምህሩ በአጠገቡ አይገኝም።

ወደ መሥሪያ ቤትም እንምጣ። በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት አዋጅ በእኛ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በቍጥር 568 ወጥቷል፤ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። አዋጁ አግዳሚው እንዲሠራ አዝዟል ማለት ነው። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ሲኖር፣ አግዳሚውን የሚሠራው አናጢ እኛ ነን፤ ሹሙ፣ የክፍል ኃላፊው፣ መዝገብ ቤቱ ነው። ሠራተኛውን ቀጥሮ ጽሕፈት ቤቱን በአራተኛ ፎቅ ያደረገበት መሥሪያ ቤት ብረቱን አስቀምጦ አግዳሚውን ነሥቷል። ሠራተኛውን ቀጥሮ፣ ወንበርም ሰጥቶ፣ ነገር ግን «አይድከም» እያለ አንድም ፋይል ሳይመራለት በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ደግሞ አግዳሚውን ሰጥቶ ብረቱን ነሥቷል። የሁለተኛው በደል ከመጀመሪያው አያንስም። ሥራ ሳይሰጡት ደመወዝ የሚከፍሉት ሰው፣ እንጀራውን በየወሩ ከኀፍረት ጋር ይቈርሳል። ሰው ደግሞ መብላት ብቻ ሳይሆን መፈለግን ይሻል፤ ከቦታው ቢታጣ ጉድለቱ እንዲታወቅለት ይሻል።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ንቀት የማይገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ አካል ጉዳተኞች ለብቻቸው መወዳደራቸው ስለ ምንድን ነው? የተለየ ውድድር ያነሰ ውድድር አይደለምን?» መልሳችን፣ መለየትና ማሳነስ አንድ አይደሉም የሚል ነው። ጤነኛ እግር ያለው ክብደት አንሺ በአግዳሚ ተጋድሞ ሲገፋ እግሮቹን በመሬት ላይ ይተክላል፤ ከእግሩም የሚያገኘው ድጋፍ አለ። የእግር ጉዳት ያለው ይህንን አያገኝም። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። በዚህ ላይ ሲያማንድ ያነሣው 310 ኪሎ በየትኛውም ሜዳ ቢቀመጥ 310 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ እግሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ሰዎች መካከልስ ይህን ያህል ሊገፋ የሚችል ስንት ሰው ይገኛል? ውድድሩ የተለየው ለእኩልነት ነው፤ ቍጥሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ስለ ኃይለኛው አወራችሁ፤ አንዲት ኪሎ እንኳ ማንሣት ስለማይችለውስ ምን ትላላችሁ? ሰው በሚያነሣው ብረት የሚከበር ከሆነ፣ አልጋ ላይ የቀረው ሊናቅ ነውን?» ይላል። አይደለም። የሰው ክብር በኪሎ አይሰፈርም፤ ቢሰፈር ኖሮ ከሁላችንም በሬ በተከበረ ነበር። ሚዛን የሚመዝነው ሥራን ነው፤ ሰውነትን የሚመዝን ሚዛን በሰው እጅ አልተሰጠም። እንዲያውም በዚህ በኩል ጀግናን ማወደስ ራሱ ፈተና ያመጣል። አንድ ሲያማንድን አይተን «አካል ጉዳተኛ ከፈለገ ሁሉን ይችላል» ብለን ብንደመድም፣ መሰላል የሌለበትን ጕድጓድ ለመሙላት ሰነፎች እንሆናለን፤ በጕድጓዱ የቀረውንም ሰው «ስላልፈለክ ነው» እንለዋለን። ለጀግና ብቻ የሚከፈት በር በር አይባልም። የጉትማን 16 ሰዎች ጀግኖች ከመሆናቸው በፊት ሕሙማን ነበሩ፤ ሜዳው የተዘጋጀላቸውም ክብረ ወሰን ስለ ሰበሩ አይደለም።

ስለዚህ ከታላላቅ ተወዳዳሪዎች ልንማረው የሚገባን የጉልበታቸውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ወደ ሚዛን ደጋግመው መቅረባቸውን ነው። ለዚህ የናይጄሪያዋን ሉሲ ኤጂኬን ማንሣት ይበቃል። በልጅነቷ ልምሻ የመታት ይህች ሴት፣ ለሴቶች በሩ በተከፈተበት በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ተገኝታ የብር ሜዳልያ አገኘች። በ2004 ዓ.ም. በአቴና፣ በ2008 ዓ.ም. በቤጂንግ ወርቅ ተሸለመች። በ2012 ዓ.ም. በሎንዶን ወደ ብር ወረደች። ብዙ ሰው በዚህ ያበቃ ነበር፤ እርሷ ግን በ2016 ዓ.ም. በሪዮ ወደ ከበደ ደረጃ ወጥታ 142 ኪሎ በማንሣት በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን መለሰች። በ2021 ዓ.ም. በተደረገው በቶኪዮ ውድድርም፣ አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ነሐስ አገኘች። ብር፣ ወርቅ፣ ወርቅ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ነሐስ፤ ይህ የሃያ አንድ ዓመት ታሪክ ነው። ከወርቁ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ብሩና ነሐሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወርቅ ነሽ ያላትን ሚዛን፣ በ2012 ዓ.ም. ብር ነሽ ሲላት አልሸሸችውም። እውነተኛ ሚዛንን የሚወድ ሰው የሚታወቀው ሚዛኑ በሚያዋርደው ቀን ነው።

ሲያማንድ ራህማን ሕይወቱ አጭር ሆነች። በመጋቢት ወር መጀመሪያ 2020 ዓ.ም.፣ በተወለደበት ከተማ፣ በልብ ሕመም ምክንያት በ31 ዓመቱ ዐረፈ። 310 ኪሎ የተሸከመ ደረት በመጨረሻ እንደ ማንኛውም ደረት ዝም አለ። በዚህ ጊዜም ያ ሰው የተዋቸው ነገሮች ምን እንደ ሆኑ ስናስብ፣ ክንዱን መቃብር ወስዶታል፤ ክብረ ወሰኑንም አንድ ቀን ሌላ ሰው ይወስደው ይሆናል። የማይወሰደው ግን በሰው ፊት ተመዝኖ ይህን ያህል ሆኖ መገኘቱ ነው። እርሱን ያየ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣን ልጅ አይቶ «ምስኪን» ከማለቱ በፊት፣ «ምን ያህል ትችላለህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

እንግዲህ ነገራችንን እንጠቅልል። ርኅራኄ ይኑረን፤ ያለ እርሱ ወደ ማንም አልጋ አንቀርብም። ነገር ግን ርኅራኄያችን እንባ ሆኖ እንዳይቀር አግዳሚ ይሁን፤ ደረጃ ያለበት ቦታ ላይ መወጣጫ፣ መጽሐፍ ባለበት ቦታ ላይ ብሬል፣ ሥራ ባለበት ቦታ ላይ ሥራ ይሁን። አግዳሚው ከተሠራ በኋላ ደግሞ ብረቱን እንዳናቀለው እንጠንቀቅ። በየጠረጴዛችን ላይ የአንድን ሰው ዕድል የሚወስን ወረቀት ሲቀርብልን፣ ሰውየውን ወደ ሚዛኑ የሚያደርሰው መንገድ ክፍት መሆኑን አስቀድመን እንይ፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሳናዳላና ሳናዝን በእውነት እንመዝነው። ነጭ መብራት የሚገባው ከሆነ ነጭ እናብራለት፤ ቀይ የሚገባው ከሆነም ቀይ ከማብራት አንፈር፤ ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ግን አግዳሚውን በቦታው እንተውለት።